የዋና አሰልጣኝ ስም

የካቲት 18 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሥጋ መተው አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ሰው ማማት መተው ነው። ስለዚህ እዚህ ደብተር ላይ አማለሁ። ወረቀት ለጎረቤት አያወራም።

ዛሬ ከጉማሬ ስፖርት ክለብ ተደወለልን። ተደወለልን እላለሁ እንጂ የተደወለው ለሲና ነው። ክለቡ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን አቋቁሟል፤ በጣናና በዓባይ ዳር ወጣቶችን ስፖርት ለሚያስተምሩ ሦስት ፕሮግራሞች ድጋፍ ሊሰጥ ነው። የነፍስ አድን ጀልባ፣ ላይፍ ጃኬት፣ የሁለት ዓመት የአሰልጣኞች ደመወዝ። እኛ ያለን ስልሳ አራት ልጅ፣ አንድ ፊሽካና ዐሥራ አንድ ባዶ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን ልጆቹ ደረታቸው ላይ አስረው ይንሳፈፉበታል። እስካሁን የሚረዳን ድርጅት በሰኔ ጠቅልሎ ይሄዳል። ይህን ድጋፍ ካላገኘን ክረምቱን ሳናይ እንዘጋለን።

ይህን ሥራ የጀመርሁት እኔ ነኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ የተነፈሰ ኳስ። ሲና ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ስልኩ ግን ለእሷ ተደወለ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከሰባታሚት የሚመጡት ልጆች እናቶች ሽምብራ ቆሎ ይዘው መጡ። ለሲና። እኔ አጠገቧ ቆሜ። «ጋሽ አካሉ፣ ይቅመሱ እንጂ» ብላ ከራሴ ተማሪዎች ቆሎ ላይ ቆንጥራ ሰጠችኝ። ጥርሴን ያመኛል አልሁ። ጥርሴ ደህና ነው።

የካቲት 23፣ እሑድ

አባባ ከእንፍራንዝ መጡ። የዓይናቸውን ሞራ ሊያስነሡ ነው፤ እስኪሻላቸው እኛ ጋ ይሰነብታሉ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ሲባል በዚያ አገር የማያውቃቸው የለም፤ ዐርባ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። እኔ ቅኔውን ጥዬ ለስፖርት ወደ ባሕር ዳር ስመጣ አልተቆጡኝም። «ሩጫም ትንፋሽ ማወቅ ነው» አሉ።

ሲና ልትጠይቃቸው መጣች። የክርስትና ስሟን ጠየቋት። ወለተ ጊዮርጊስ ነኝ አለች። «ተክለ ጊዮርጊስና ወለተ ጊዮርጊስ! የአንድ ቤት ልጆች ነን እኮ!» ብለው እጇን ይዘው አልለቅም አሉ። የእኔን እጅ ከመጡ ጀምሮ የያዙት ደረጃ ሲወርዱ ብቻ ነው።

ከሐዋሳ የመጣች ልጅ። ሐይቅ ዳር አድጋ ሐይቅ ዳር መጣች። ምን ይደንቃል?

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ሲና የፋውንዴሽኑን ቅጽ ኮምፒውተር ቤት አስሞልታ አመጣችው። የዕቃ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ልጆቹን ልትጠራ ወጣች። ነፋስ ገባና ገጽ ሁለትን አንሥቶ እግሬ ሥር ጣለልኝ። ነፋስ ሳይሆን ሰይጣን ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦

*የዋና አሰልጣኝ ስም፦ ሲና ብሩክ*

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ዋና! ከመቼ ጀምሮ? ማን ሾማት? ቅጹ የጠየቀው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የሞላችውም የራሷን ነው። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ኳስ አቀባይ?

የቀረውን አላነበብሁም። ወረቀቱን መልሼ ከሌሎቹ ሥር ከተትሁት። ስትመለስ ፈገግ አልሁላት።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

የፊርማ ቀን። «ጋሽ አካሉ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሁሉንም ገጽ ያንብቡት፤ የተሳሳትኩት ካለ ይንገሩኝ» አለች።

«አምንሻለሁ» አልሁ።

ደስ አላት። እኔ ግን የራሴን ሹም ሽር ፈረምሁ። ለምን አልጠየቅኋትም? እኔ የጀመርሁትን ሥራ እኔ «ዋናው ማነው?» ብዬ ልጠይቅ? ዝም አይነቅዝም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አባባ ሞራው ተነሥቶላቸው ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። ጆሯቸው ግን ከቀድሞው ይልቅ ነቅቷል። የገጽ ሁለትን ኮፒ ይዤ ስቀመጥ ሰሙኝ።

«ምን ያለ ወረቀት ነው እንዲህ የሚያስተነፍስህ? አንብብልኝ እስቲ» አሉ።

ያችኑ መስመር አነበብሁላቸው። የዋና አሰልጣኝ ስም፣ ሲና ብሩክ።

«ጠብቆ ነው ላልቶ?»

«ምኑ?»

«ዋናው ነዋ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ይህ ቅኔ አይደለም፤ የእርዳታ ቅጽ ነው።»

«እሱስ። ቅጽንም ቢሆን የጻፈው ሰው ነው» ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ዐርባ ዓመት ቅኔ ያስቆጠረ ሰው የቤት ኪራይ ውል ቢነበብለትም ምሥጢር ይፈልጋል። ላስረዳቸው ሰነፍሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሚስቴ ወለተ ኪዳን ምሳ ስትሠራ፣ «ሲና በተባለ ቁጥር ምነው ፊትህ የሚጠቁር?» አለችኝ።

«አልጠቆረም።»

«መስታወት ላምጣልህ?»

የቅጹን ነገር ነገርኋት። ሽሮውን እያማሰለች ሰማችኝና ሳቀች። «ሌላው በሚስቱ ይቀናል፤ አንተ በጀሪካን ትቀናለህ። ቅር ካለህ ልጅቷን ጠይቃታ!»

ሁሉም ሰው ጠይቃት ይላል። ስጠይቃት ምን እንደምትል አውቃለሁ። አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ይቅርታ ጋሽ አካሉ፣ ይስተካከላል» ትላለች። ከዚያ በኋላ እሷ ትሑት፣ እኔ ሹመት ፈላጊ። እንኳን ዘንቦብሽ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ጻፍሁት። በእጄ፣ በንጹሕ ወረቀት። ቅጂው ይኸው፦

*በቅጹ ገጽ ሁለት ላይ የዋና አሰልጣኝ ተብሎ የተሞላው ስም በስሕተት የገባ ስለሆነ፣ በእኔ በአካሉ ተክለ ጊዮርጊስ ስም እንዲስተካከል በትሕትና አመለክታለሁ። ወ/ሪት ሲና ብሩክ ረዳቴ ናት።*

ውሸት የለበትም። ሐሜትም የለበትም። «በትሕትና» የሚል ቃል እንኳ አለበት። ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ ቀድጄ ሦስተኛውን አተረፍሁ?

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ራሴ ክለቡ ጽሕፈት ቤት አደረስሁት። ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበት። ማኅተሙ ላይ አፉን የከፈተ ጉማሬ አለ።

ስወጣ ጉልበቴ ቀለለኝ። ቤት ስደርስ ከበደኝ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የዋና ቀን። ሲና ዐሥራ አንድ ልጆች በጀሪካን አንሳፍፋ፣ ሌሎቹን ደንገሉ ዳር አሰልፋ ታስቆጥራለች። እኔ እንደ ሁልጊዜው ዳር ቆሜ በፊሽካ ሥርዓት አስከብራለሁ። ያለ እኔ ፊሽካ ሁሉም አንድ ላይ ይገቡ ነበር። ይህን የሚያይልኝ የለም።

አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይገቡም?» አለችኝ።

«እኔ ድሮ ጨርሻለሁ» አልኋት።

ውኃው ጧት ጧት ይበርዳል። ለጉልበትም ጥሩ አይደለም። ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ።

ልጆቹ ከውኃ ሲወጡ ሲናን ከበው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይስቃሉ። ድሮ እኔን ነበር የሚከቡኝ። ምሥጋና ከምትባለው ልጅ ወዲህ ቀርቷል። ስለ ምሥጋና አሁን አልጽፍም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

መልእክት ደረሰኝ። በእኔ ስልክ! እንዳለ ልገልብጠው፦

*ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ጧት 2 ሰዓት የዋና አሰልጣኙን ለመመዘን በሥልጠናው ቦታ እንገኛለን። ቃለ ሕይወት፣ ጉማሬ ፋውንዴሽን።*

«አሰልጣኙን» ይላል። «አሰልጣኟን» አይልም። ተስተካክሏል! ከፊቱ «የ» የምትል ፊደል አለቦታዋ ገብታለች፤ ዋና አሰልጣኙን ማለት ሲገባው የዋና አሰልጣኙን ብሏል። የዘመኑ ልጅ ሰዋስው የት ያውቃል? ፊደሏን በሆዴ አርሜ አለፍኋት።

ለሲና እንግዶች እንደሚመጡ ብቻ ነገርኋት። «ውኃ ላይ የሚፈትኑን ይመስለኛል፤ ልለማመድ?» አለች። «አንቺ ልጆቹን ያዥ፤ ከሰዎቹ ጋራ የምነጋገረው እኔ ነኝ» አልኋት። «እሺ ጋሼ» አለች። እሺ ስትል እንኳ ታናድደኛለች።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። ስግደት ላይ ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ሲነሡ ወገባቸውን ይዘው፣ «ጌታ ሆይ፣ ሰውነቴ እንጂ ልቤ አልሰገደም» አሉ። ለእኔ የተባለ መሰለኝ። ስወጣ ሲናን በሩ ላይ አገኘኋት፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ደብዳቤውን ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«ጀሪካኖቹ ሁለቱ ቀዳዳ አላቸው» አልኋት።

ካፈርሁ አይመልሰኝ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ግራጫ ሱፌን ለላውንድሪ ሰጠሁ። ክራባት ከጎረቤት ተዋስሁ። የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ፤ ከተነፈሰው ኳስ ይጀምርና በስልሳ አራት ልጅ ያልቃል። ወለተ ኪዳን ስትሰማኝ ቆይታ፣ «ሲና የት ቦታ ላይ ትገባለች?» አለች። መጨረሻ ላይ አለች አልኋት። የለችም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልችልም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ልጻፈው። ካልጻፍሁት ነገ ለራሴ ሌላ ታሪክ እነግራለሁ።

ሁለት ሆነው መጡ። አቶ ቃለ ሕይወት ፋይል ይዟል፤ አብሮት የመጣው ትከሻ ሰፊ ወጣት አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥሏል። ስልሳ አራቱም ልጆች ተሰልፈዋል። እኔ በሱፍ፣ በክራባት፣ ጫማዬ መስታወት መስሎ።

«የዋና አሰልጣኙ አቶ አካሉ እርስዎ ነዎት?» አለ አቶ ቃለ ሕይወት። አላልቶ ነው ያለው። ያን ጊዜም ጆሮዬ አልሰማም።

«እኔ ነኝ» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሱፌን አየ። «ልብስ መቀየሪያ አላችሁ?»

«ለምን?»

«ለመዋኘት ነዋ! ሁለት መቶ ሜትር ይዋኛሉ፤ ከዚያ ይኸ ልጅ የሚሰምጥ መስሎ ይገባልዎትና ያወጡታል። ልጅ ውኃ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሳንመዝን ጀልባ አንሰጥም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዋና። አጥብቄ ያነበብሁት ላልቶ ነበር። ቅጹ የጠየቀው የበላዩን ሳይሆን ዋና የሚያስተምረውን ነው። የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ በፋሻ ውስጥ ሆነው ያዩትን እኔ በሁለት ዓይኔ አላየሁም።

ሲና ከሰልፉ ወጥታ መጣች። ፊቴን አይታ ነው የመጣች። «ጋሽ አካሉን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እኔ ልዋኝላችሁ» አለች። ልታድነኝ።

«አንቺ ረዳት ነሽ ተብለናል፤ በደብዳቤ» አለ አቶ ቃለ ሕይወት።

«በየትኛው ደብዳቤ?»

ፋይሉን ከፍቶ ሰጣት። ቆማ አነበበችው። ረጅም አልነበረም፤ እሷ ግን ብዙ ቆየች። ከዚያ ፋይሉን ሳትዘጋ ለእኔ ሰጠችኝ። ከደብዳቤዬ ሥር ያላነበብሁት ገጽ አንድ ነበር፦

*መሥራችና ዋና ኃላፊ፦ አካሉ ተክለ ጊዮርጊስ*
*የሩጫ አሰልጣኝ ስም፦ አካሉ ተክለ ጊዮርጊስ*
*የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ስም፦ አካሉ ተክለ ጊዮርጊስ*

ከሥሩ ደግሞ፣ ስለ ድርጅቱ በአጭሩ ይግለጹ በሚለው ቦታ፣ «ማንም ሳይከፍለው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያቆየው አንድ ሰው ነው፤ እኛ የምንሠራው እሱ በጠረገው ላይ ነው» ብላ ጽፋለች። ሦስት ቦታ ጽፋኝ በአራተኛው ቀናሁ።

ወጣቱ ሰዓቱን በእጁ እያገላበጠ ይጠብቀኛል። ልጆቹ ያዩኛል።

«ዋና አልችልም» አልሁ።

አንዱ ልጅ ሳቀ። ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። አቶ ቃለ ሕይወት ፋይሉን ተቀብሎኝ፣ «እንግዲያስ ይህን ለምን ጻፉ?» አለ። እውነቱን ብናገር በምን አፌ ልናገር? ቀንቼ ነው ልበል?

አሁን ስለ ምሥጋና ልጻፍ። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከሯጮቼ ሁሉ ፈጣኗ። የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ፣ ከሩጫ በኋላ ላቧን ልትታጠብ ሐይቁ ገባች፤ እግሯ ሥር ያለው መሬት ከዳት። ከእኔ እስከ እሷ አንድ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ፊሽካ ነፋሁ። ደጋግሜ ነፋሁ። ታንኳ ይዘው የነበሩ ሰዎች ከሩቅ ሰምተው እስኪደርሱ ነፋሁ፤ ሲያወጧት ትንፋሽ አልነበራትም። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ሰው ሁሉ ጋሽ አካሉ ደንግጦ ነው አለ። ሲናን ፈልጌ ያመጣኋት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ነኝ ያመጣኋት። ከዚያ ልጆቹን በእጇ ደግፋ ስታንሳፍፍ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያር ነበር፤ ቆሎውም፣ ስልኩም፣ የክርስትና ስሙም ሰበብ ነው። እሷ ሃያውን እርምጃ መሄድ ትችላለች።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ቁስሉ አልሽር ብሎ የቆየው የአባባ ፋሻ ተፈታ። መጀመሪያ ያዩት የእኔን ፊት ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጠይቄህ ነበርኮ» አሉ። አክለውም፣ «እኔስ ቃሉን ነው የጠየቅሁህ። አንተ ልጅቷን ብትጠይቃት ኖሮ ቅኔ ማወቅም አያስፈልግህም ነበር» አሉ።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

የፋውንዴሽኑ መልስ ደረሰ። በአሰልጣኞች ማንነት ላይ የቀረቡት ሁለት ሰነዶች ስለሚጋጩ በዚህ ዙር አልተመረጥንም። ለመስከረም እንደገና ማመልከት ይቻላል። ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ከጢስ ዓባይ የመጣ ቡድን ነው፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በእነሱ ደግሞ ልቀና ስል ራሴን ያዝሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ክረምት ሊገባ ነው። ውኃው ይሞላል። ጀልባ የለንም።

ሲና ደብዳቤውን አንብባ፣ «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ደመወዝ እመጣለሁ። ጀሪካኑ አለ» አለች። ከዚያ፣ «ሌላ የሚሉኝ አለ፣ አቶ አካሉ?»

አቶ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሽ ስትለኝ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብዬ አላውቅም።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ወላጆችን ሰበሰብሁ። ሲና ክለቡ በጀት አጥሮት ነው እንበላቸው ብላኝ ነበር። እምቢ አልሁ። የእኔን ደብዳቤ እንዳለ አነበብሁላቸው፤ አንድ ጊዜ አጥብቄ፣ አንድ ጊዜ አላልቼ። አንዳንዶቹ ሳቁ። የምሥጋና እናት ታናሽዋን ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ አልሳቀችም። ሲያልቅ መጥታ፣ «አይ ጋሽ አካሉ፣ እኔኮ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋና እንደማይችሉ አውቃለሁ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃ ሁለተኛ ልጇን ትልክልኝ ነበር። ለምን ቆሎውን ለሲና እንደምትሰጣት አሁን ገባኝ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ለመስከረሙ ማመልከቻ የስም ዝርዝሩን በእጄ ጻፍሁ። አሰልጣኝ በሚለው ሥር፣ ዋና፣ ሲና ብሩክ። ሩጫና መረብ ኳስ፣ እኔ። ከዚያ ሰልጣኝ ወደሚለው ዝርዝር ወረድሁና ከስልሳ አራቱ ልጆች ሥር ስልሳ አምስተኛውን ጨመርሁ፦ አካሉ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዕድሜ 47። በአሰልጣኝና በሰልጣኝ መካከል ያለችው አንዲት «አ» ብቻ ናት። ከባድ ፊደል ናት።

ሲና ዝርዝሩን አየች። ቀዳዳ የሌለበት ጀሪካን መርጣ ሰጠችኝ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ልጆቹ ደንገሉ ዳር ተሰልፈው ያያሉ፤ ፊሽካው ዛሬ በትንሿ ጠያቂዬ አንገት ላይ ነው። ውኃው ከጉልበቴ አለፈ። ከወገቤ አለፈ። በጀርባዬ እንድተኛ ስትነግረኝ ሁለመናዬ እንደ ግንድ ደረቀና ሰጠምሁ። አፌ ውኃ ሞላ። እጇ ከማጅራቴ ሥር ገብቶ አወጣኝ። እንደገና። እንደገና ሰጠምሁ።

«ሰውነትዎን አጥብቀውታል» አለች። አባባ ነግረዋት መሆን አለበት፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረ። «ላልቶ ነው የሚነበበው። በሉ ላላ ይበሉ፣ ጋሽ አካሉ።»

ላላሁ። እስከ አራት ስትቆጥር ውኃው ያዘኝ፤ እጇን ያነሣችው ሁለት ላይ ነበር አሉኝ ልጆቹ።

ጋሽ ያለችኝ ከልቧ ይሁን ከአፏ አምልጧት አላውቅም። የፊታችን ቅዳሜ እጠይቃታለሁ።